ኢብን ኸልዱን፦ የአያቶቻቸውን ወሬ ሳይቀር የመዘኑት ቃዲ

 

ዩኒቨርሲቲ የገቡ ልጆች የትምህርት ክፍል የሚመርጡበት ሰሞን ሲደርስ ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ። ታሪክ ይሻላል ወይስ ሶሲዮሎጂ? ሁለቱን አዋህዶ መማርስ ይቻላል? ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ይሄ ነገር ለዲኔ ምን ይጠቅመኛል ይላሉ። መድረሳውንም ዩኒቨርሲቲውንም ስላየሁት መልሱ እኔ ጋ ያለ ይመስላቸዋል። እኔ ግን ምክር ከመደርደር የአንድ ሰው ሕይወት ማውራት ይቀለኛል።

ሰውየው ቁርኣንን በቃላቸው የያዙ፣ የማሊኪ መዝሀብ ፈቂህና ቃዲ ነበሩ። የታሪክ ወሬ እውነት መሆኑን ለማወቅ ሰዎች እንዴት አብረው እንደሚኖሩ ማወቅ ግድ መሆኑን በመጽሐፍ ያስቀመጡ እሳቸው ናቸው። ይህን የጻፉት ሶሲዮሎጂ የሚለው ቃል አውሮፓ ውስጥ ከመፈጠሩ ከ400 ዓመት በላይ ቀድመው ነው። ኢብን ኸልዱን፣ ረሒመሁላህ። ጽሑፉ ትንሽ ይረዝማል፤ ከዐስር በኋላ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ዐብዱረሕማን ኢብን ሙሐመድ ኢብን ኸልዱን የተወለዱት በ732 ዓመተ ሂጅራ፣ በረመዷን የመጀመሪያው ቀን፣ ቱኒስ ከተማ ውስጥ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር 1332 መሆኑ ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸውም ዓመቶች በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። የቤተሰቡ ሥር ከየመን፣ ከሐድረመውት ነው። ቀደምቶቻቸው ወደ አንደሉስ ተሻግረው በኢሽቢሊያ፣ ዛሬ ሴቪል በምትባለው ከተማ፣ ለብዙ ዘመን ባለ ሥልጣንና ባለ ዕውቀት ሆነው ኖሩ። ከተማዋ በ1248 በካስቲል ንጉሥ እጅ ከመውደቋ ቀደም ብለው ባሕር ተሻግረው ወጡ። ስለዚህ ኢብን ኸልዱን የተወለዱት ትልቅ ስም ይዞ በተሰደደ ቤተሰብ ውስጥ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የልጅነት ትምህርታቸው ዛሬ መድረሳ ውስጥ ለምትማሩ እንግዳ አይሆንም። ቁርኣን፣ ቂርኣት፣ ዐረብኛ ሰዋስው፣ ሐዲሥ፣ የማሊኪ ፊቅህ። በ1347 ግን የሞሮኮው መሪኒ ሱልጣን አቡል ሐሰን ቱኒስን ሲይዝ ብዙ ዑለማእን አስከትሎ መጣ። ከነሱ አንዱ ሙሐመድ አል-አቢሊ የሚባሉ የሒሳብ፣ የሎጂክና የፍልስፍና ሊቅ ነበሩ። ወጣቱ ዐብዱረሕማን እሳቸው ጋ ቀሩ (ማለትም ቀራባቸው)፤ ነገር በምክንያት መያዝን የለመዱት እሳቸው ዘንድ ነው። አንድ ጥሩ ኡስታዝ የአንድን ልጅ ሕይወት ስንት ቦታ እንደሚያደርስ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ከዚያ ወረርሽኙ መጣ። በ1348 እና በ1349 ዓለምን ያዳረሰው ታላቁ የጥቁር ሞት ወረርሽኝ ቱኒስ ሲገባ አባታቸውንም እናታቸውንም ወሰደ። ከኡስታዞቻቸውም ብዙዎቹ ሞቱ። የዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ገና 17 ዓመት ገደማ ነው። ከሞት የተረፉት ዑለማእም ከሱልጣኑ ጋር ወደ ሞሮኮ ተመለሱ፤ ከተማዋ ከሰውም ከደርስም ባዶ ሆነችባቸው። ከብዙ ዓመት በኋላ ሲጽፉ ይህ ወረርሽኝ ያለማውን አገር ሁሉ እንዳጠፋ፣ መንግሥታትን እንዳዳከመ፣ ዓለም እንደገና የተፈጠረች ያህል ሁኔታው ሁሉ እንደተለወጠ አስታውሰዋል። ዓለም እንዲህ ከተለወጠ ደግሞ አዲሱን ሁኔታ የሚመዘግብ ሰው ያስፈልጋል። መጽሐፋቸውን ከጻፉባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ወላጅ አልባው ልጅ ኀዘኑን ይዞ ሠላሳ ዓመት ያህል ቆየና ዕውቀት አደረገው።

በመካከል ያለው ዘመን ፖለቲካ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ሁሉም የሚያኮራ አይደለም። በሃያ ዓመታቸው አካባቢ በቱኒስ ቤተ መንግሥት የደብዳቤ ራስጌ ጸሐፊ ሆኑ። ብዙም ሳይቆዩ ጥለው ወደ ፋስ ሄዱ፤ በ1354 የሱልጣን አቡ ዒናንን የዑለማእ ጉባኤ ተቀላቀሉ። ከታሰረ ልዑል ጋር ተማክረዋል ተብለው ተጠረጠሩና እስር ቤት ገቡ፤ ሱልጣኑ በ1358 እስኪሞት ድረስ ወደ ሁለት ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ታሰሩ። ከዚያ አንዱ ሱልጣን ሲወድቅ ከሌላው፣ ሌላው ሲነሣ ከእሱ ጋር ሆኑ። ይወነጅሏቸው የነበሩ ሰዎች ዝም ብለው አልነበረም።

በአንደሉስ የገርናጣው ሱልጣን ሙሐመድ አምስተኛ በክብር ተቀበላቸው፤ በ1364ም መልእክተኛ አድርጎ ወደ ካስቲል ንጉሥ ፔድሮ ላካቸው። የላካቸው የት መሰላችሁ? ወደ ኢሽቢሊያ፣ ወደ አያቶቻቸው ከተማ። ንጉሡ እሱ ዘንድ ቢቀሩ የቤተሰባቸውን ርስት እንደሚመልስላቸው ቃል ገባ። አመስግነው እምቢ አሉ። ለ116 ዓመት የሌላ ሰው የሆነን መሬት ከንጉሥ እጅ ተቀብሎ መኖር ማለት የንጉሡ ሰው መሆን ማለት እንደሆነ ሳይገባቸው የቀረ አይመስለኝም።

በቀጣዩ ዓመት ቢጃያ በምትባለው የዛሬዋ አልጄሪያ ወደብ የልዑሉ የቅርብ ሹም ሆኑ። ቀን የአገር ጉዳይ ይመራሉ፤ በጁሙዓ ኹጥባ ያደርጋሉ፤ በመስጊዱም ያስተምራሉ። ግብር አልከፍል ያሉ የተራራ ጎሳዎች ዘንድ ራሳቸው እየሄዱ ያስከፍሉ ነበር። ልዑሉ በ1366 በአጎቱ ልጅ ጦር ተገደለ፤ እሳቸው ከተማዋን ለአሸናፊው አስረከቡ። ቀጥሎ በበረሃው ዳርቻ በቢስክራ ተቀምጠው ለዚህና ለዚያ ሱልጣን የዐረብ ዘላን ጎሳዎችን ሲያግባቡ ዓመታት አለፉ። ወዳጃቸው የነበረው የገርናጣው ታላቅ ጸሐፊ ኢብኑል ኸጢብ በ1374 ፋስ እስር ቤት ውስጥ ታንቆ ተገደለ። እሳቸው ሊያማልዱለት ሞክረው አልሆነላቸውም።

በ1375 በቃኝ አሉ። አውላድ ዐሪፍ የሚባሉ ጎሳዎች በጥበቃቸው ሥር ወሰዷቸውና ቀልዐት ኢብን ሰላማ በምትባል ምሽግ ከነቤተሰባቸው አስቀመጧቸው። ቦታው በምዕራብ አልጄሪያ፣ ዛሬ ፍሬንዳ ከምትባለው ከተማ አጠገብ ነው። አራት ዓመት ያህል ቆዩ። ቤተ መጻሕፍት የለም፤ ቤተ መንግሥትም የለም። ያላቸው ሃያ ዓመት ሙሉ ያዩት ነገር ብቻ ነው፦ የወደቁ ሱልጣኖች፣ የከዱ ሹሞች፣ ግብር ያደኸያቸው መንደሮች፣ በአንድ ቃል የሚነሱ ጎሳዎች። በ1377 የመጽሐፋቸውን መግቢያ፣ ሙቀዲማን፣ በአምስት ወር ውስጥ ረቂቁን ጨረሱ። እንግዲህ ታሪክና ሶሲዮሎጂ የተገናኙት እዚህ ምሽግ ላይ ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። መድረሳ የተማረ ሰው ስለ ወሬ ማጣራት አያውቅም ማለት አይቻልም። ሰነድ እናጠናለን፤ ተናጋሪው ታማኝ ነው ወይ፣ ትውስታው ጽኑ ነው ወይ፣ ከማን ሰማ እንላለን። ሱረቱል ሑጁራት ውስጥ ወሬን እንድናጣራ መታዘዛችንንም ሁላችን እናውቃለን። ኢብን ኸልዱን ይህን ሁሉ ያከብራሉ፤ የሸሪዓ ትእዛዝ ለሚተላለፍበት ዘገባ ዋናው መንገድ የዘጋቢዎቹ ታማኝነት እንደሆነ ይቀበላሉ። ስለ ክስተት የሚነገር ወሬ ግን ሌላ ጥያቄ ይቀድመዋል ይላሉ፦ ነገሩ ከመሠረቱ ሊሆን ይችላል ወይ? ሊሆን የማይችል ነገር ከሆነ የተናጋሪውን ታማኝነት መመርመር ምን ይፈይዳል? ሊሆን የሚችለውንና የማይችለውን ለመለየት ደግሞ የሰው ልጅ አብሮ ሲኖር የሚከተለውን ተፈጥሮ ማወቅ ያስፈልጋል። ስንት ሰው በስንት መሬት ይኖራል? ጦር ምን ይበላል? ሥልጣን ከየት ይመጣል፣ በምን ይጠፋል? ይህን ዕውቀት ዒልሙል ዑምራን አሉት፤ አዲስ ዒልም መሆኑንም ራሳቸው ያውቁ ነበር።

ምሳሌያቸውን እዩ። አል-መስዑዲና ሌሎች የታሪክ ጸሐፊዎች ነብዩላህ ሙሳ (ዐ.ሰ) በበረሃ ያስቆጠሩት ለጦር የደረሰ ወንድ ብቻ 600,000 ወይም ከዚያ በላይ ነበር ብለው ጽፈዋል። ኢብን ኸልዱን ቁጭ ብለው አሰቡት። ከያዕቆብ (ዐ.ሰ) እስከ ሙሳ (ዐ.ሰ) ያለው አራት ትውልድ ነው። ወደ ግብጽ የገቡት 70 ነፍስ ናቸው፤ የቆይታቸውንም ዘመን አል-መስዑዲ ራሱ 220 ዓመት ብሎታል። በዚህ ዘመን ይህን ያህል መብዛት አይሆንም። እንዲህ ያለ ሠራዊት ቢሰለፍ ደግሞ ዐይን ከሚደርስበት ይርቃል፤ በአንዱ ጫፍ የሆነውን ሌላው ጫፍ አያውቅም። ከዚህ እጅግ የሚሰፋ ግዛት የነበራት ፋርስ እንኳ በቃዲሲያ ያሰለፈችው ከዚህ በብዙ ያነሰ ነው። ሰው ስለ ሠራዊት፣ ስለ ገንዘብና ስለ ግብር ሲያወራ ቁጥር ማጋነን እንደሚወድ፣ መዝገብ ቢታይ ግን የተባለው አሥረኛው እጅ እንኳ እንደማይገኝ እያዘኑ ጽፈዋል።

ስለ ሃሩን አር-ረሺድና ስለ በራሚካ ቤተሰብ ውድቀት የሚነገረውን የፍቅር ተረትም እንዲሁ ጣሉት። ወዚሮቹ የወደቁት በኸሊፋው እህት ምክንያት አይደለም፤ የመንግሥቱን ሥራና ግምጃ ቤት ጠቅልለው ስለያዙ ኸሊፋው ትንሽ ገንዘብ ሲፈልግ እንኳ እስከሚቸገር ስለደረሰ ነው። ተረቱ ይጣፍጣል፤ የግብሩ ጉዳይ ግን እውነት ነው። (ቲክቶክ ቢኖር ኖሮ የትኛው እንደሚሰራጭ ታውቃላችሁ።)

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የየመኑ ነገር ነው። የጥንት የየመን ነገሥታት፣ ቱብበዕ የሚባሉት፣ በምዕራብ እስከ መግሪብ፣ በምሥራቅ እስከ ቱርክና ቻይና አገር ዘምተው ድል አደረጉ የሚል ታሪክ በታላላቅ ኪታቦች ሳይቀር ተጽፎ ነበር። ኢብን ኸልዱን ከየመን ሰዎች የተወለዱ ናቸው፤ ይህ ታሪክ የሚያሞግሰው የእሳቸውን ዘር ነው። ካርታውን አወጡ እንበል። ከየመን ወደ መግሪብ በእግር የሚሄድ ጦር መንገዱ በሱዌዝ በኩል ነው፤ በሁለቱ ባሕሮች መካከል ያለው የሁለት ቀን መንገድ ያህል ነው። ያንን አገር ሳይዝ ትልቅ ጦር እንዴት ያልፋል? ስንቁንስ ከየት ያመጣል? የአገሩ ባለቤቶች ደግሞ ሌሎች ሕዝቦች ነበሩ፤ የየመን ነገሥታት እነሱን ተዋግተው አሸነፉ የሚል ወሬ የለም። ስለዚህ ታሪኩ መሠረት የለውም ብለው ዘጉት።

በዚህም አላቆሙም። የራሳቸውን ሕይወት በጻፉበት መጽሐፍ የዘር ሐረጋቸውን ይቆጥራሉ፤ ወደ አንደሉስ ገባ እስከሚባለው እስከ ኸልዱን ድረስ የሚታወቁት አባቶች አሥር ናቸው። ወዲያው ግን ይጠራጠራሉ። ኸልዱን አንደሉስ የገባው በመጀመሪያው የፈትሕ ዘመን ከሆነ መካከሉ 700 ዓመት ገደማ ነው፤ በመቶ ዓመት ሦስት ትውልድ ቢታሰብ ወደ ሃያ አባት መሆን ነበረበት። እንግዲህ የጎደለ ስም አለ ማለት ነው። ተመልከቱ፣ የሙሳን (ዐ.ሰ) ሠራዊት ቁጥር በመዘኑበት ሚዛን የገዛ አያቶቻቸውን መዘኑ። የጎረቤትን ታሪክ መጠራጠር ቀላል ነው። በየቴሌግራም ቻናሉ የኛን ወገን ገድል ስናነብ፣ ስለ ሠራዊቱ ብዛት ስናደንቅ፣ ማሻ አላህ ብለን ለሃያ ግሩፕ ከማስተላለፋችን በፊት ስንቶቻችን ነን ትውልድ የቆጠርነው?

ከመጽሐፉ የሚታወቀው ሌላው ነገር ዐሰቢያ ነው። መድረሳ የተማረ ሰው ቃሉን ሲያይ ይደነግጣል፤ በሐዲሥ የተወገዘ ጭፍን ወገንተኝነት ነውና። እሳቸውም ይህን አልዘነጉትም። ለባጢል የሚሆነውን የጃሂሊያ ወገንተኝነት ያወግዛሉ፤ ነገር ግን ሰዎች እርስ በርስ እንዲጠባበቁ የሚያደርግ ትስስር ከሌለ መንግሥት እንደማይቆም፣ መልካም ጥሪም ቢሆን ተከላካይ ወገን ሳይኖረው እንደማይዘልቅ ያሳያሉ። በጭንቅ የኖሩ ሰዎች ተሳስረው ሥልጣን ይይዛሉ። ልጆቻቸው ምቾት ይለምዳሉ። የልጅ ልጆቻቸው ትስስሩን ረስተው በቅጥረኛ ወታደር ይጠበቃሉ። ለአንድ ሥርወ መንግሥት ሦስት ትውልድ፣ 120 ዓመት ያህል ሰጡት። ቁጥሩ በሁሉም አገር አይሠራም፤ እኔም እንደ ሕግ እንድትይዙት አልፈልግም። ስለ ግብር ያሉት ግን ዛሬም ኢኮኖሚስቶች ያነሡታል። መንግሥት ሲጀምር ግብሩ ትንሽ፣ ገቢው ብዙ ነው፤ ሲያረጅ ግብሩ ይበዛል፣ ሰው ከሥራ ይሰንፋል፣ ገቢው ያንሳል። ይህን የጻፈው በቢጃያ ተራሮች በእግሩ እየዞረ ግብር ያስከፈለ ሰው መሆኑን አትርሱ።

አሁን ደግሞ የሚከብደውን ልናገር። ሙቀዲማ ውስጥ ስለ ጥቁር ሕዝቦች የተጻፉ፣ ሰውን ዝቅ የሚያደርጉ ዐረፍተ ነገሮች አሉ። ስለ ኢብን ኸልዱን በኩራት ስናወራ እነዚህን መደበቅ አማና ማጉደል ነው። ነገሩን አስቸጋሪ የሚያደርገው በዚያው ምዕራፍ ውስጥ ትልቅ ቁም ነገር መኖሩ ነው፤ ጥቁርነት የመጣው በነብዩላህ ኑሕ (ዐ.ሰ) ልጅ በሐም ላይ በወረደ እርግማን ነው የሚለውን ወሬ ውድቅ አድርገዋል፤ የቆዳ ቀለም ከፀሐይና ከአየር ጠባይ የመጣ ነው ብለው። ሐበሾችንና የማሊን ሰዎችም ሃይማኖት ያላቸው ናቸው ብለው ለይተው አውጥተዋል። ከዚያ በደቡብ ስላሉት ግን ያላዩትን አገር በድሮ መልክዐ ምድር ጸሐፊዎች ወሬ ፈረዱበት። የራሳቸው ሚዛን እዚህ ቦታ ላይ ከእጃቸው ወደቀ። ሊሆን ይችላል ወይ ብለው ጠይቀው ቢሆን ኖሮ ያንን አይጽፉም ነበር። እኛ ጥቁር ሙስሊሞች ኪታባቸውን ስንቀራ ይህን ገጽ ዘለን አናልፍም፤ በራሳቸው መንገድ መልሰን እንመዝነዋለን።

ስለ ትምህርትም ጽፈዋል፤ ተማሪዎችን የሚያስቅ ነገር እዚህ አለ። ታሪክን ከዑምራን ዕውቀት ጋር ያዋሐዱት እኚህ ሰው፣ ጀማሪ ተማሪ ሁለት የትምህርት ዓይነት በአንድ ጊዜ እንዳይሰጠው ይመክራሉ፤ ሐሳቡ ይከፈልና ሁለቱንም ያጣል ይላሉ። አንዱን ደጋግሞ፣ መጀመሪያ ጠቅለል ያለውን፣ ቀጥሎ ዝርዝሩን፣ በመጨረሻ የከበደውን እየያዘ እንዲሄድ ይፈልጋሉ። እኔ የምረዳው እንዲህ ነው። ታሪክና ሶሲዮሎጂ የምትማሩ ልጆች ሁለት ዓይነት ትምህርት ተሸክማችሁ የምትለፉ ከመሰላችሁ ምክራቸው ለእናንተ ነው፤ አንዱን አጽኑ። አንዱ ጥያቄ ሌላው መመርመሪያ መሆኑ ከገባችሁ ግን ሁለት አይደሉም። ሕፃናትን በዱላ ስለሚያስተምሩ ሰዎችም ተናግረዋል፤ ግፍ ልጁን ሰነፍና ውሸታም ያደርገዋል፣ ያልሆነውን መስሎ መኖር ያስለምደዋል ብለው። ቁርኣን ቤት ያላችሁ ኡስታዞች፣ ይህን የጻፉት ከ600 ዓመት በፊት ነው።

በ1378 ኪታብ ፍለጋ ወደ ቱኒስ ተመለሱ፤ ሙሉውን ታሪክ፣ ኪታቡል ዒበርን፣ ለሱልጣኑ አበረከቱ። ተማሪ ሲጎርፍላቸው ግን የከተማዋ ታላቅ ፈቂህ ኢብን ዐረፋ አልወደዱትም፤ ወሬው በዛ። በ1382 ለሐጅ ብለው ፈቃድ ጠየቁና በመርከብ ወደ እስክንድርያ ሄዱ፤ ወደ መግሪብ ዳግም አልተመለሱም። ካይሮ አስደነቀቻቸው። በአዝሃር ማስተማር ጀመሩ፤ በ1384 ሱልጣን በርቁቅ የማሊኪዎች ዋና ቃዲ አድርጎ ሾማቸው።

ቃዲ ሲሆኑ ያደረጉት ከታሪክ ሥራቸው የሚለይ አይደለም። በፍርድ ቤት ደጃፍ ምስክርነት እየሸጡ የሚኖሩ፣ የወቅፍ ንብረት በሐሰት ውል የሚያዞሩ ብዙ ነበሩ። እነሱን መረመሩ፤ አባረሩ፤ ቀጡ። የባለ ሥልጣን ምልጃ አልቀበልም አሉ። ጠላት ለማፍራት ከዚህ የሚፈጥን መንገድ የለም። ልብሳቸውን እንኳ ወደ ግብጽ ቃዲዎች ልብስ ሳይለውጡ የመግሪብ ካባቸውን ለብሰው መዋላቸው እንደ ንቀት ተቆጠረባቸው።

በዚያው ሰሞን ሁለተኛው ታላቅ ኀዘን ደረሰ። የቱኒሱ ሱልጣን ቤተሰባቸውን ይዞባቸው ነበር፤ በርቁቅ ደብዳቤ ጽፎ አስለቀቀላቸው። መርከቧ እስክንድርያ ልትደርስ ስትቃረብ ማዕበል መታትና ሰጠመች። ቤተሰብ፣ ንብረት፣ ኪታቦች፣ ሁሉም ባሕር ገባ። ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን። በ17 ዓመታቸው ወላጆቻቸውን፣ በ52 ዓመታቸው ቤተሰባቸውን። በሚቀጥለው ዓመት ከቃዲነት ወረዱ፤ ራሳቸውም ተዉኝ እስከማለት ደርሰው ነበር። በ1387 ሐጅ አደረጉ። ተመልሰው ሲያስተምሩ፣ ሲጽፉ፣ መጽሐፋቸውን ሲያርሙ ኖሩ።

የመጨረሻው ትልቅ ትዕይንት ደማስቆ ላይ ነው። በ1400 መጨረሻ ቲሙር ለንክ ሶሪያን ሲወርር ወጣቱ ሱልጣን ፈረጅ ዑለማኡን ይዞ ዘመተ፤ ካይሮ ላይ ሴራ አለ የሚል ወሬ ሲሰማ ግን ደማስቆን ጥሎ ተመለሰ። ኢብን ኸልዱን 68 ዓመታቸው ነው። በጃንዋሪ 1401 በከተማዋ ግንብ ላይ በገመድ ታስረው ወርደው ቲሙር ድንኳን ሄዱ። ከአንድ ወር በላይ ተመላለሱ። ቁርኣን፣ መስገጃ፣ የቡርዳ ቅጂና አራት ሣጥን የካይሮ ጣፋጭ ገጸ በረከት ሰጡት። ስለ መግሪብ ጠየቃቸው፤ አገሩን ሁሉ ዘርዝረው ጻፉለት። በቅሏቸውንም ወደዳት፤ ሰጡት፤ ዋጋዋ ኋላ ካይሮ ድረስ ተላከላቸው። ሱልጣኑ ጥሏቸው ለሄደው ጸሐፊዎችና ሠራተኞች አማን ለምነው አገኙላቸው። ከተማዋ ግን ተዘረፈች፤ ተቃጠለች፤ እሳቱ የኡመያድ መስጊድን ሳይቀር በላ። ስለ መንግሥታት መነሣትና መውደቅ የጻፉ ሰው፣ የጻፉትን ነገር ፊት ለፊት ተቀምጠው አወሩት። ለቲሙር ያሳዩትን መለሳለስ የሚነቅፉ አሉ። እኔ በገመድ ወርጄ ስለማላውቅ አልፈርድም።

ቃዲነቱ ይሰጣቸዋል፣ ይነሣቸዋል፤ በጠቅላላው ስድስት ጊዜ ተሾሙ። ስድስተኛው ላይ እያሉ፣ በ808 ዓመተ ሂጅራ፣ በ1406፣ እንደ ልደታቸው ሁሉ በረመዷን ወር አረፉ። ከባቡ ነስር ውጭ በሱፊዮች መቃብር ተቀበሩ። ዛሬ መቃብራቸው የት እንደሆነ አይታወቅም።

መጽሐፋቸውን ዑስማኒዮች ቀድመው አነበቡት፤ ሙቀዲማን በ1700ዎቹ ወደ ቱርክኛ ተረጎሙት። በታተመ መልክ የወጣው በ1850ዎቹ በካይሮ ቡላቅና በፓሪስ ነው። 

ካይሮ ላይ ደርሳቸውን ከተከታተሉት መካከል ኢብን ሐጀር አል-ዐስቀላኒና አል-መቅሪዚ ይገኛሉ። ኢብን ሐጀር ብዙም አልወደዷቸውም፤ አል-መቅሪዚ ግን መንገዳቸውን ያዘ። ግብጽን የመታትን ረሃብ ሲጽፍ የዓባይ መጉደል ብቻ ብሎ አላለፈም፤ በገንዘብ የሚሸጥ ሹመትን፣ የመሬት ኪራይን፣ የመዳብ ገንዘብ መብዛትን ቆጠረ። በስተ እርጅናው ደግሞ መካ ላይ ሳለ ስለ ሐበሻ ሙስሊም ነገሥታት ትንሽ ኪታብ ጻፈ፤ ስለ ኢፋት፣ ስለ ወላስማዕ ቤት፣ ስለ ሐቀዲንና ስለ ሰዕደዲን። ኢብን ኸልዱንም በኪታቡል ዒበር ስለነዚህ ሰዎች በጥቂቱ አንስተው ነበር። ተማሪያቸው ግን ከድሮ ጸሐፊዎች የቀዳውን ብቻ ይዞ አልቀረም፤ መካ የመጡትን የሐበሻ ሰዎች እያገኘ አገራቸውን ጠየቃቸው።